ኮረሪማና ሄል ከነቅርፊቱ፦ የታኅሣሥ የወጥ ቤት ማስታወሻ

ታኅሣሥ 5

ሐሳቡ ቀላል ነው። እስከ ገና ድረስ የተፈጨ ኮረሪማም ሆነ የተፈጨ ሄል ቤቴ አይገባም። ሁሉንም ከነቅርፊቱ እገዛለሁ። ከዚያ ሙሉውን ድስት ውስጥ የሚገባው የቱ ጋ እንደሆነ፣ ተፈልፍሎ መወቀጥ ያለበት ደግሞ የቱ ጋ እንደሆነ እየሞከርኩ እለያለሁ። በጨውም በስኳርም።

የሱቅ ዱቄት ሰልችቶኛል። በላስቲክ ታስሮ መደርደሪያ ላይ የከረመ ኮረሪማ ቀለም እንጂ ሽታ የለውም። ሽታውን የያዘው ዘይት ያለው ዘሩ ውስጥ ነው። ቅርፊቱ ክዳን ነው። ዘሩ ተሰብሮ አየር ሲያገኘው ዘይቱ ይተናል፤ ዱቄት ሲሆን ደግሞ በጣም ይፈጥናል።

ጾም ስለሆነ ቅቤና ወተት የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ሻይ፣ ሩዝ፣ ወጥና ዳቦ። ቅቤው ወደ መጨረሻ።

ታኅሣሥ 6

መርካቶ ሄድኩ። ኮረሪማው ግማሹ በገመድ ተሰክቶ ተሰቅሏል፤ ግማሹ በጆንያ ነው። የገመዱን ወሰድኩ። አንድ በአንድ እያገላበጡ ለማየት ይመቻል።

ሻጯ ትልቅ ሴት ናቸው። «እማማ፣ የቱ ይሻላል?» ስላቸው አልመለሱልኝም። ሁለት አንስተው መዳፌ ላይ አስቀመጡ። አንዱ ከበድ ይላል፤ ሌላው ባዶ ነው ማለት ይቻላል። «በመልኩ እንዳትገዢ ልጄ። ይሄን ያማረውን ነቀዝ ጨርሶታል።» እውነትም ከአንገቱ ሥር የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለችው። ከዚያ ከባዱን በጥርሳቸው ሰነጠቁትና ዘሩን አሳዩኝ፤ ቡናማ፣ የሚያብለጨልጭ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ። «ቅመሺ» አሉኝ። ሰዓቱ አልደረሰም ነበርና በወረቀት ጠቅልዬ ያዝኩት። ሳቁብኝ።

«የጂማ ነው» ብለው ነው የሸጡልኝ። ሊሆን ይችላል። ኮረሪማ የደቡብ ምዕራቡ ጫካ ልጅ ነው። ካፋ፣ ጂማ፣ ቤንች፣ ጋሞ፣ ጎፋ አካባቢ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ከቡናው ጋር ይበቅላል። ዘመዶቹ ዝንጅብልና እርድ ናቸው። ፍሬው ሲበስል ቀይ ነው፤ እኛ የምናውቀው ቡናማ መልኩ የመጣው ከደረቀ በኋላ ነው።

ሄሉን ከሌላ ሱቅ ገዛሁ። እሱ ደግሞ የዝንጅብል ወገን ይሁን እንጂ አገሩ ሩቅ ነው፤ የደቡብ ሕንድ ተራሮች። ዛሬ ግን ለውጭ ገበያ በብዛት የምታቀርበው ጓቲማላ ናት። የሚገርመው ጓቲማላዎቹ ራሳቸው ብዙም አይጠቀሙበትም፤ አብዛኛው ወደ አረብ አገር ነው የሚሄደው። አመራረጡ ከኮረሪማ ይቀላል። አረንጓዴው ያልደበዘዘ፣ አፉ ያልተከፈተ ይሁን። ውስጡ ያለው ዘር ጥቁርና ሲነኩት ጣት የሚይዝ ከሆነ ደህና ነው። ግራጫ ሆኖ ከደረቀ ብሩን ለቅርፊት መክፈል ነው። ነጩ ሄል ሌላ ተክል አይደለም፤ አረንጓዴው ነጥቶ ነው።

ታኅሣሥ 8

ሻይ። ከዚህ የጀመርኩት ውኃ ምንም ስለማይደብቅ ነው።

በሦስት ጀበና መሳይ ትንንሽ ማፍያዎች እኩል ውኃ አፈላሁ። አንዱ ውስጥ ሄሉን እንዳለ ጣልኩት። ሁለተኛው ውስጥ አፉን በቢላ ጀርባ ሰንጥቄ። ሦስተኛው ውስጥ ፈልፍዬ ወቅጬ። ክዳን ገጥሜ ለዘብ ባለ እሳት ተውኳቸው።

ያልተሰነጠቀው ምንም አላለም። ሙቅ ውኃ ነው። ቅርፊቱ ሥራውን በደንብ ይሠራል ማለት ነው፤ አየርም አያስገባም፣ ውኃም አያስገባም። የተወቀጠው ገና ሲፈላ ቤቱን አወደው። ግን ከተቀዳ በኋላ ከሥር ዝቃጭ አለው፣ ቆይቶም መረር አለ። የተሰነጠቀው ዘገየ። አስር ደቂቃ ያህል ከፈላ በኋላ ነው ሽታው የወጣው፤ ሲቀዘቅዝ እንኳ አልመረረም። በፔርሙስ ለሚቀመጥ ሻይ ያለ ጥርጥር ይሄኛው ነው። ለ1 ሊትር ውኃ 4 ሄል፣ አንድ ቁራጭ ቀረፋ፣ 3 ቅርንፉድ። ቅርንፉዱን ካበዙት ሄሉ ይጠፋል። ብዙ ሻይ ቤት የሚጠጣው ሻይ የቅርንፉድ ሻይ የሆነው በዚህ ነው።

ክዳኑን ከፍቼ ያፈላሁት ሌላ ዙር ነበር። ወጥ ቤቱ ሸተተ፤ ሻዩ አልሸተተም። የሚሸተን ነገር ከድስቱ የወጣ ነገር ነው።

ማታ በሄሉ ፈንታ አንድ ሙሉ ኮረሪማ ለሁለት ሰንጥቄ ሞከርኩ። አጥቤው ነው፤ የኮረሪማ ቅርፊት ሽብሽብ ስላለ አቧራ ይይዛል። ሻዩ ከበድ ያለ፣ ወደ ባሕር ዛፍ የሚሄድ ሽታ አመጣ። ይሄ አጋጣሚ አይደለም። ባሕር ዛፍ ቅጠል ውስጥ ያለው ሲኒኦል የሚባለው ንጥረ ነገር ኮረሪማም ሄልም ውስጥ አለ። ሄሉ ላይ ግን ሌላ ጣፋጭ፣ አበባ አበባ የሚል ሽታ ይደረብበታል። ልዩነታቸው እዚህ ጋ ነው። ኮረሪማ ሻይ ለጉንፋን እሺ። ለእንግዳ አላቀርበውም።

ታኅሣሥ 10

ኦቾሎኒ ሻይ። ጾም ሲገባ ከተማው ሁሉ የሚጠጣው ነው፤ እኔም ወተቱን የምረሳው በሱ ነው።

እዚህ ኮረሪማው ተካሰ። ኦቾሎኒ ቅባት አለው፤ የኮረሪማ ዘይት ደግሞ ከውኃ ይልቅ ቅባት ይወዳል። አንድ የተሰነጠቀ ኮረሪማ ከውኃው ጋር አፍልቼ፣ አውጥቼ፣ ከዚያ የኦቾሎኒ ቅቤውን በጥብጬ ጨመርኩ። ስኳሩን ቀንሼ ትንሽ ጨው። ሻዩ ላይ ያስቸገረኝ ያ የባሕር ዛፍ ጠረን እዚህ ለሰለሰ። በሄል የሠራሁት ጣፋጭ ነበር፣ ግን ከረሜላ ከረሜላ አለኝ።

ለጣፋጭ ሄል፣ ለጨው ኮረሪማ የሚለው ሕግ እንዲህ በቀላሉ አይሠራም ብዬ መጠርጠር ጀምሬያለሁ።

ታኅሣሥ 13

ጎረቤቴ ጅዳ ብዙ ዓመት ሠርታ ነው የተመለሰችው። ሩዝ ስታበስል ግቢው ሁሉ ያውቃል። ዛሬ እኔ ወጥ ቤት መጥታ እንድታሳየኝ ለመንኳት።

ለ2 ኩባያ ባስማቲ 6 ሄል አወጣሁ። አየችኝ። «ቆጥረሽ ነው?» ቆጥሬ ነው። «ጎበዝ። ስታወጪም ቁጠሪ።» ይቺን ምክር ከሁሉ በላይ ወድጃታለሁ። ሙሉ ሄል የነከሰ ሰው ያንን ቀን ሩዝ ደግሞ አይበላም።

ሩዙን አጥባ ውኃ ውስጥ ዘፈዘፈችው፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ። ድስቱ ላይ ዘይት አስገባች፣ እሳቱን ዝቅ አደረገች። ሄሉን አንድ በአንድ በዘነዘና ጫፍ ቀጭ እያደረገች ጣለችው። እንዲደቅ አይደለም፤ አፉ እንዲከፈት ብቻ። ከዚያ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ አንድ ደረቅ ሎሚ። ዘይቱ ውስጥ ሄሉ ነፋ አለ፤ አረንጓዴው ወደ ገለባ ቀለም ሄደ። ጊዜው ያኔ ነው። አንድ አፍታ ከቆየ ይጠቁርና ይመራል። ወዲያው ሽንኩርት ጨመረችበት፤ የሽንኩርቱ ውኃ ሙቀቱን ሰበረው። እኔ ብሆን ሽንኩርቱን አስቀድሜ አቁላልቼ ቅመሙን ከኋላ ነበር የማመጣው፤ እናቶቻችን እንደዚያ ነው ያስተማሩን። ለሩዝ ግን የሷ ይበልጣል። ቅመሙ መጀመሪያ ሽታውን ለዘይቱ ይሰጣል፣ ዘይቱ ደግሞ እያንዳንዱን የሩዝ ፍሬ ይሸፍናል።

3 ኩባያ ውኃ፣ ጨው፣ ክዳን። ሲያልቅ ሄሉን እየቆጠርን አወጣን። አምስት ነበር ያገኘነው። ስድስተኛው የልጄ ሳህን ላይ ወጣ።

ሳዑዲዎቹ ይሄን በዶሮ ወይም በበግ ሠርተው ካብሳ ይሉታል። ሥጋው በዚሁ ቅመም ይቀቀላል፣ ሩዙ በሥጋው ውኃ ይበስላል። ለጾም ሽምብራ አስገባንበት። አልጎደለውም።

ታኅሣሥ 14

በዚያው አሠራር ሩዝ በሙሉ ኮረሪማ። አይሆንም። ቅርፊቱ ዘይት ውስጥ ሲጠበስ የእንጨት ጣዕም ያመጣል። ዘሩን ብቻ ፈልፍዬ ብሞክርም ሩዙ ላይ ጥቁር ጥቁር ጠጠር የፈሰሰበት መሰለ። ባሌ በትህትና በላ።

ታኅሣሥ 17

ምስር ወጥ፣ ከዚያ አልጫ።

ምስሩ ላይ ሙሉ ኮረሪማ ከቁሌቱ ጋር አስገብቼ እስከ መጨረሻው ተውኩት። ሲቀርብ የለም። በርበሬው ውስጥ ያለው ኮረሪማ ራሱ ከሱ ይበልጥ ይሰማል። ያን ያህል ሰዓት የተንተከተከ ሽታ በእንፋሎት ነው የሄደው። በሌላው ድስት የ1 ኮረሪማ ዘር በብረት ምጣድ ሞቅ ሞቅ አድርጌ፣ ወቅጬ፣ ከእሳት ላወርድ ስል ነሰነስኩ። ገና ጭልፋው ሲነሳ ይታወቃል። መከለሻ መጨረሻ የሚገባው ለዚህ ነው፤ እናቶቻችን ምክንያቱን ሳይነግሩን ልኩን አሳይተውናል።

ሄል ምስር ወጥ ላይ? አንድ ማንኪያ ቀምሼ አቆምኩ። በርበሬና ሄል አይተዋወቁም።

ድንችና ጥቅል ጎመን አልጫው ላይ ግን ሙሉው ኮረሪማ ደስ አለኝ። በርበሬ የለም፣ የሚሸፍነው ነገር የለም። በንጹሕ ሻሽ ቋጥሬ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር አስገባሁት፣ ሲያልቅ ጎትቼ አወጣሁት። ከሥር ቀስ ብሎ የሚመጣ ጣዕም ነው። «ምን አደረግሽበት?» የሚያስብል እንጂ «ኮረሪማ በዛበት» የሚያስብል አይደለም።

ታኅሣሥ 19

ዳቦ። ስቶክሆልም ያለችው የአክስቴ ልጅ ደጋግማ የምታወራለት የሄል ዳቦ አለ። ስዊድኖች ሄል በጣም ይወዳሉ፤ ከቡና ጋር የሚበሉት ጥምዝምዝ ጣፋጭ ዳቦ ይሠሩበታል። በስልክ የነገረችኝ አንድ ነገር ነው፦ «አታድቂው። ጥርስ ላይ ቀጭ ይበል።»

የሷ ሊጥ ወተትና ቅቤ አለው። የኔ በውኃና በዘይት ነው። ግማሹን ሊጥ በሄል፣ ግማሹን በኮረሪማ አደረግኩ፤ ሁለቱንም ፈልፍዬ ሙቀጫ ውስጥ ከስኳር ጋር ሸካራ አድርጌ ወቅጬ። ስኳሩ ጠቃሚ ነው፤ ዘሩ እየተንሸራተተ ከዘነዘናው ሥር እንዳያመልጥ ይይዘዋል፣ የሚወጣውንም ዘይት ይመጠዋል።

እዚህ ሙሉውን ማስገባት አይታሰብም፤ ሊጥ ውስጥ የተሰነጠቀ ቅርፊት ቢገኝ ጥርስ ይሰብራል። ግን ከነቅርፊቱ ገዝቶ በዚያው ሰዓት መፈልፈል ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። የኮረሪማው ዳቦ እንደ ጣፋጭ አላማረኝም። ስኳሩን ቀንሼ፣ ጥቁር አዝሙድ ጨምሬ፣ ከላይ ዘይት ቀብቼ የጋገርኩት ሌላው ቁራጭ ግን ድፎ ሆኖ አረፈው። ከሻይ ጋር ጠፋ።

ታኅሣሥ 22

ቡና። አጭር ነው።

ጀበና ውስጥ ከቡናው ጋር የአንድ ኮረሪማ ዘር ሩብ ያህል ቀጭ አድርጌ ጨመርኩ። በኮረሪማ የሚጠጡት አዲስ ነገር አይደለም፤ ለኔ ግን አቦሉ ላይ ከበደ፣ ቶናው ላይ ልክ መጣ። ጎረቤቴ በበኩሏ የአረቦቹን ቡና አሳየችኝ። ቡናው ገርጣ ብሎ ነው የሚቆላው፣ ሲፈላም ቢጫ ነው፣ ሄሉ ይበዛል። ስኳር አይገባበትም፤ ጣፋጩ ቴምሩ ነው። እኔ ቡና አልለውም። እሷ ደግሞ የኔን ጥቁር ቡና ስትጠጣ «ይሄማ ከሰል ነው» ትላለች። ተስማምተን ተለያየን።

ታኅሣሥ 25

ቅቤ። ወሩን ሙሉ የጠበቅኩት ይሄን ነው።

በጾም ቅቤ የሚያነጥር ሰው አይቀምስም። ስለዚህ በአፍንጫና በጆሮ ነው የሚፈረደው። ለጋ ቅቤ 2 ኪሎ ገዝቼ ለሁለት ድስት እኩል ከፈልኩ። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ነገር ገባ፦ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ትንሽ አብሽ፣ እርድ፣ የተከተከተ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል። ልዩነቱ ኮረሪማው ብቻ ነው። አንዱ ላይ 6 ኮረሪማ ተሰንጥቆ ከነቅርፊቱ፤ ሌላው ላይ የ6 ኮረሪማ ዘር ተወቅጦ።

ቅቤው ቀልጦ አረፋ ማውጣት ሲጀምር አረፋውን በማንኪያ ገፈፍኩ። ቅመሙን የማስገባው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ድስቱ ይንጫጫል። ድምፁ ቅቤው ውስጥ ያለው ውኃ ነው። ውኃው እያለቀ ሲሄድ ጫጫታው ይሳሳል፣ ደፍርሶ የነበረው ቅቤ ይጠራል፣ ከሥር ያለው ዝቃጭ ወርቅማ ይሆናል። ዝም ካለ በኋላ እሳት ላይ ማቆየት ማሳረር ነው።

የተወቀጠው ድስት ላይ ችግሩ እዚህ ጋ መጣ። ደቃቁ ኮረሪማ ከዝቃጩ ጋር ከሥር ተቀመጠ፤ የሚያርረው መጀመሪያ እሱ ነው። ቶሎ ማውረድ ግድ ሆነ። ሳጠልለውም ወንፊቱን አልፎ ቅቤው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ቀረ። ሙሉው ድስት ላይ ቅርፊቱ ዘሩን ከድስቱ ሥር አርቆ ይዞታል። ሩዙ ላይ የጠላሁት ቅርፊት እዚህ ጠቀመኝ፤ የእንጨት ሽታ ፈልጌ አጣሁ። ይመስለኛል ምክንያቱ እሳቱ ነው፤ ቅቤ ለዘብ ባለ እሳት ይነጥራል እንጂ እንደ ሩዙ ዘይት አይጠብስም።

ለአፍንጫ ከሆነ ዛሬ ያሸነፈው የተወቀጠው ነው። ሙሉው ፈዘዝ ብሏል። ግን ወዲያው አላጠለልኩትም። ከእሳት አውርጄ፣ ከድኜ፣ ሊረጋ እስኪቃረብ ድረስ ኮረሪማው ውስጡ እንዲቆይ ተውኩት። ከዚያ በሻሽ አጠለልኩ። የጠራ፣ ከሥሩ የሚታይ ቢጫ ቅቤ ነው የወጣው። የእጄ ጀርባ ላይ ጠብ አድርጌ አሸተትኩ። ተሻሽሏል።

ታኅሣሥ 29

ገና። ተፈሰከ።

ዶሮ ወጡን ባለ ነጠብጣቡ ቅቤ ሠራሁት። በርበሬና ቀይ ሽንኩርት ያንን ሁሉ ይሸከማል፤ ነጠብጣቡም አይታይም።

ክትፎው ላይ ነው ፍርዱ የተሰጠው። ሥጋውን ለሁለት ከፈልኩ፣ ሁለቱም ላይ ያው ሚጥሚጣ። በተወቀጠው ቅቤ ያሸሁት መጀመሪያ ጠንካራ ነው፣ ከዚያ ምላስ ጫፍ ላይ ትንሽ መረር ይላል። በሙሉው ኮረሪማ የነጠረው ቅቤ ንጹሕ ነው። ሥጋው ሥጋ ሥጋ ይላል፣ ኮረሪማው ከዋጡ በኋላ ይመጣል። ከዚያ በዚሁ ላይ አሁን የተፈለፈለ፣ አሁን የተወቀጠ ኮረሪማ ቁንጥር አድርጌ ነሰነስኩ። በቃ። ከዚህ በኋላ ክትፎ በሌላ መንገድ አልሠራም። አይቡ ላይም ከዚያው ቁንጥር ጣል አድርጌያለሁ።

እናቴ ሁለቱንም ቀምሳ ፍርዷን አልሸሸገችም። «ያኛው ቅቤ አርሯል» አለች። የትኛው እንደተወቀጠ አልነገርኳትም ነበር።

ጥር 2

ሩዝ በወተት። 1 ሊትር ወተት፣ ግማሽ ኩባያ ሩዝ፣ 6 የተሰነጠቀ ሄል፣ ለስላሳ እሳት፣ ብዙ ማማሰል። ስኳሩ የገባው ሩዙ ከለሰለሰ በኋላ ነው። ወተት ቅባትም ውኃም ስላለው ሄሉ የሚያወጣውን ሁሉ ይቀበላል። ሻዩ ላይ በደንብ ያልሰማሁት የአበባ ሽታ እዚህ ወጣ። የተረፈው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ጠነከረ፤ በማግስቱ ይሻላል።

በትንሽ ድስት ያንኑ በግማሽ ኮረሪማና በማር ሞከርኩ። ስኳር አይስማማውም፣ ማር ይስማማዋል። ጎረቤቴ ሄሉን መረጠች። እናቴ የኮረሪማውን ሳህን ጠርጋ «ቅቤ ጨምረሽበታል እንዴ?» አለች። አልጨመርኩም። እሷ ኮረሪማን የምታውቀው በቅቤ ውስጥ ነው፤ አንዱ ሲመጣ ሌላው ያለ ይመስላታል።

የተፈለፈለውን የሄል ቅርፊት አልጣልኩትም። ስኳር ማስቀመጫው ውስጥ ገብቷል፤ ስኳሩ ሽታውን ጠጥቶ ለሻይ ሆኗል። የኮረሪማው ቅርፊት ለምግብ አይጠቅምም። ለቡና ከሰል ሲያያዝ ከዕጣኑ ጋር ትንሽ ጣል አደርግበታለሁ።

ለጥምቀት ሌላ 1 ኪሎ ቅቤ ገዝቻለሁ። ኮረሪማውን ከነቅርፊቱ፣ ግን ከ6 ወደ 8 አሳድጌ። አብሹን ትንሽ እቀንሳለሁ። ሳይጠለልም ከመጀመሪያው ይበልጥ ይቆያል።